ሁለት አሮጌ ክላርኔቶች በአምባሰል ቅኝት ሲፈተኑ
ደሴ ላይ ቡዚ ኤንድ ሆክስ 1010ን እና ቡፌ አር13ን እያቀያየርኩ ነፋሁ። ልዩነታቸው ውስጣቸው ነው። የ1010 አየር የሚያልፍበት የውስጥ ቦይ 15.2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ድምፁ ወፈር ያለ ነው፣ ድምፁን በከንፈር ማንሸራተትም ስለሚፈቅድ አምባሰልን ስጫወትበት ልክ እንደ ዋሽንት ታዘዘልኝ፣ በጣም ደስ ይላል! አር13 እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመጣ፣ የቡፌ ንድፍ አውጪው የሮበርት ካሬ ሥራ ነው። ቦዩ ጠበብ ይላል፣ ስፋቱም በደረጃ ይለያያል፤ በዚህ የተነሳ የታችኛውና የላይኛው ድምፅ በደንብ ይስማማሉ። የጣት ቀዳዳዎቹም ከውስጥ በኩል ሰፋ ተደርገው ስለተፈለፈሉ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መሻገር ይቀላል። የባቲ ቅኝትን ከኪቦርድ ጋር ለሚጫወት አር13 ይሻላል። ለእኔ ግን 1010 ይበልጥብኛል። አሮጌ ስትገዙ ቀዳዳዎቹን በባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ ጠጋኝ ሞርዷቸው ከሆነ ቅኝቱ ይዛባል።