በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ለመግዛት ሲያስቡ፦ የቱ ለየትኛው ጉዞ?

ጂፒኤስ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ቦታውን በትክክል የሚናገረው የቱ ነው?” ብሎ ነው። መጠየቁ አግባብ ነው፤ መሣሪያዎቹን የሚለያቸው ግን በአብዛኛው እሱ አይደለም። ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ላይ ርካሹም ውዱም የሚሰጡት መልስ ቢለያይ በጥቂት ሜትር ነው። ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ እንኳ እንዲህ ባለ ቦታ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሜትር አይዘልም። ልዩነታቸው የሚወጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጣት ሲደነዝዝ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ሲጠፋ። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው በኃይል ምንጫቸው፣ በአያያዛቸውና ኔትወርክ በሌለበት ሊያደርጉልዎ በሚችሉት ነገር ነው።

ጋርሚን የሚለው የአምራች ስም ደጋግሞ ይመጣል። በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ ገበያ ላይ ዛሬ ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ስለሆነ ምርጫው በአብዛኛው በሌላና በእሱ መካከል ሳይሆን በራሱ ሞዴሎች መካከል ነው። የስፔኑ ቱናቭ በዚህ መስክ ይሠራል፤ ነገር ግን መለዋወጫውም ሆነ የተጠቃሚዎቹ ልምድ እንደ ጋርሚኑ በቀላሉ አይገኝም።

ስልኩ አይበቃም ወይ?

ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ይሠራል። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ምልክት ይለቃሉ፤ ስልኩም ሆነ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ያንን ያዳምጣል እንጂ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ካርታ ለማውረድና የሳተላይቶቹን አቀማመጥ ቶሎ ለማወቅ ነው። ካርታውን ቤት ሳሉ ያውርዱት። ለቀረው ደግሞ ትንሽ መታገሥ ነው፤ እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን የምህዋር መረጃ በየ30 ሰከንዱ ስለሚደጋግም፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቆመው ቢጠብቁ ስልኩ ያለበትን ያገኘዋል።

እንግዲህ ጉዞዎ የአንድ ቀን ከሆነ፣ መንገዱም የታወቀ ከሆነ፣ ፓወር ባንክ ይያዙና ሌላ መሣሪያ አይግዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የስልክ ስክሪን ሰፊ ነው፣ ካርታው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሻዎሚ ሚ 8 በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ጂፒኤስ (ጥቅሙን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ) ይዞ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይህ ችሎታ ወደ ሌሎች ስልኮችም ገብቷል። ስልክ የሚሸነፈው ሌላ ቦታ ነው። ብርድ ላይ የባትሪው አቅም ይወርዳል፤ አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ውስጥ እንዲጠቀሙበት ነው የሚመክረው። የዝናብ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ እንደ ጣት ይቆጠርና ካርታው ወዳላሰቡት ይንሸራተታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲመራ የሚያልቀው ባትሪ፣ ማታ አደጋ ቢደርስ የሚደውሉበት ያው ባትሪ መሆኑ ነው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች መለየት ብቻውን ጂፒኤስ ያስገዛል።

ሦስቱ ኢትሬክሶች

ርካሹ መግቢያ የጋርሚን ኢትሬክስ ነው፦ ኤስኢ፣ 22ኤክስና 32ኤክስ። ሦስቱም በሁለት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ስክሪናቸው 2.2 ኢንች ነው፤ የሚታዘዙትም በቁልፍ ነው። ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ኤስኢ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ ለዚህም ነው በአንድ ጥንድ ድንጋይ እስከ 168 ሰዓት እንደሚቆይ ጋርሚን የሚናገረው። ይህ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ድፍን ሳምንት ማለት ነው። ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊልዮና የቻይናውን ቤይዱ ይሰማል። ነገር ግን ካርታ የለውም። የሚያሳይዎ ነጥብ፣ መስመርና አቅጣጫ ነው፤ ወንዙ የት እንዳለ፣ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር አይነግርዎትም። የወረቀት ካርታ ለሚያነብ ሰው ይህ ጉድለት አይደለም። ካርታ ማንበብ ላልለመደ ሰው ግን ኤስኢን አልመክርም።

22ኤክስና 32ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ፣ ባለ ቀለም ስክሪን ያላቸውና ካርታ የሚጭኑ ናቸው። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አላቸው፣ ካርድም ይቀበላሉ፤ ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚያዘጋጁት የካርታ መረጃ የተሠሩ ነፃ ካርታዎችን ሊጭኑባቸው ይችላሉ። የሚቆዩት እስከ 25 ሰዓት ነው። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ አይገናኙም፤ መንገድ የሚጫነው በኮምፒውተርና በኬብል ነው። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ከገዙ በኋላ የሚያበሳጭ ጉዳይ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፦ 32ኤክስ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስና የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ ይጨምራል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ግን ይዩት። ጂፒኤስ የት እንዳሉ ያውቃል እንጂ ፊትዎ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። አቅጣጫን የሚያሰላው ከእንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ 22ኤክስ ይዘው ጭጋግ ውስጥ ቆመው “ግራ ነው ቀኝ?” ሲሉ ቀስቱ ከመቆምዎ በፊት ይሄዱበት የነበረውን ያሳያል ወይም ይዋዥቃል፤ እንዲስተካከል በአንዱ በኩል የተወሰነ እርምጃ መሄድ አለብዎ። 32ኤክስን ቆመው ሲያዞሩት ካርታው አብሮ ይዞራል። ኮምፓሱ ታዲያ ድንጋይ በቀየሩ ቁጥር ካሊብሬት መደረግ (እንደገና መስተካከል) ይፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ይዋሻል። ርካሹ ኤስኢም ኮምፓስ አለው፤ 22ኤክስ ላይ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው። የከፍታ መለኪያውም ከንቱ አይደለም። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላይዎ ስለሆኑ የጂፒኤስ የከፍታ ስህተት ከጎን ስህተቱ ይበልጣል። የአየር ግፊቱ ይህን ያርማል፤ አየሩ ሲለዋወጥ ግን ስለሚሳሳት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ ማስተካከል ነው። ገንዘቡ ከበቃ ከሁለቱ 32ኤክስን ይውሰዱ።

ድንጋይ ወይስ ቻርጅ?

ብዙ ገዢ የማይጠይቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ጥያቄ ይህ ነው። በድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ሲያልቅበት ሁለት አዳዲስ ይከቱበትና በደቂቃ ውስጥ ይነሳል። ውስጡ በተገጠመ ባትሪ የሚሠራው ፓወር ባንክ ወይም የፀሐይ ቻርጀር ይፈልጋል።

ድንጋይ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ተራው አልካላይን በብርድ ይደክማል። ቻርጅ የማይደረገው የሊትየም ደብል ኤ ቀላል ነው፣ ብርዱንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚሰጠው ወደ 1.2 ቮልት ነው፤ አልካላይን ግን 1.5። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ የባትሪው ዓይነት ይመረጣል። ሳይመርጡ ከተዉት ጠቋሚው ሞልቶ ሳለ ግማሽ ነው ይላል፣ ወይም ሙሉ መስሎ ድንገት ይጠፋል።

ገደል ሥርና ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ፦ 65ኤስ እና 67

ትክክለኛነት በእርግጥ የሚያለያየው እዚህ ነው። ምልክቱ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመጣ ይዘገያል፤ መሣሪያውም ሳተላይቱ የራቀ ይመስለውና ቦታዎን ያዛባዋል። በሸለቆው ወለል የሄዱበት መስመር ማታ ሲታይ ገደሉን ወጥቶ የወረደ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የጋርሚኖቹ ጂፒኤስማፕ 65ኤስ እና 67 ከተለመደው ኤል1 ሌላ ኤል5 የሚባለውን ፍሪኩዌንሲ ይሰማሉ። የኤል5 ኮድ አሥር እጥፍ ስለሚፈጥን ቀጥታ የመጣውን ከተላተመው ለመለየት ይቀላል። አንቴናቸውም ከላይ ወጣ ያለ ነው፤ ቀጥ አድርገው ሲይዙት የተሻለ ይሰማል። ኢትሬክስ ደግሞ ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲይዙት ይሻላል።

65ኤስ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ በሁለት ደብል ኤ ድንጋይ እስከ 16 ሰዓት ይሠራል፣ ስክሪኑ 2.6 ኢንች ነው። 67 ከ3 ዓመት በኋላ መጥቶ የውስጥ ባትሪ ያዘ፦ እስከ 180 ሰዓት፣ በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ የሚደረግ፣ ባለ 3 ኢንች ስክሪን። 180 ሰዓት የድንጋዩን ክርክር ከግማሽ በላይ ይረታዋል፤ በቀን 10 ሰዓት ቢያበሩት ከሁለት ሳምንት በላይ ነው። ለልኬት፣ ለደን ሥራ፣ ለፍለጋና ለነፍስ አድን የሚሆን ነው። ደልዳላ አገር ለሚሄድ እግረኛ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

የጋርሚኑን ሞንታና 700 በአጭሩ ልለፈው። ባለ 5 ኢንች ንክኪ ስክሪን፣ 400 ግራም ገደማ፣ እስከ 18 ሰዓት። ለመኪናና ለሞተር ሳይክል ግሩም ነው። በእጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከባድ ነው።

እርዳታ መጥራት የሚችሉት

እስካሁን ያልኳቸው መሣሪያዎች መንገድ ያሳያሉ እንጂ ድምፅዎን ለማንም አያሰሙም። ኢንሪች የተባለው የጋርሚን የሳተላይት መልእክት አገልግሎት ያለባቸው ግን በኢሪድየም ሳተላይቶች በኩል አጭር መልእክት ይልካሉ፣ ይቀበላሉም፤ የአደጋ ጊዜ ቁልፍም አላቸው። የኢሪድየም መረብ 66 ሳተላይቶች ያሉት ሲሆን ከዋልታ እስከ ዋልታ ይደርሳል። ኢንሪች ሚኒ 2 ክብደቱ 100 ግራም ብቻ ነው፤ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ይሠራል። 67አይ ደግሞ ከ67 ጋር ይህንኑ በአንድ አካል ያዋህዳል።

ብቻዎን የሚሄዱ ከሆነ ከካርታው ይልቅ ይህን ያስቀድሙ። ስልክ ለመንገድ፣ ሚኒ 2 ለአደጋ፤ እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ጥምረት ይህ ነው። ሁለት ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። አንደኛ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ካልተከፈለ የአደጋ ቁልፉም አይሠራም። ሁለተኛ፣ የሳተላይት መገናኛን ያለ ፈቃድ ማስገባት የሚከለክሉ አገሮች አሉ፤ ሕንድ አንዷ ናት። ድንበር ከመሻገርዎ በፊት የሚሄዱበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።

ያገለገለ ሲገዙ

አሮጌ ኢትሬክስ ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል ያገለገለ መግዛት ጥሩ አማራጭ ነው። የድንጋዩን ቤት ይክፈቱና መነካኪያዎቹን ይዩ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ይተዉት። የዩኤስቢውን መክደኛ ጎማ ይጎትቱ፤ እሱ ከተቀደደ “አይፒኤክስ7” የሚለው ጽሑፍ፣ ማለትም 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል የሚለው ቃል፣ ዋጋ የለውም። ከዚያ ደጅ ወጥተው ያብሩትና ቀኑን ያንብቡ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. አፕሪል 6 ቀን 2019 ነበር። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ቦታውን በትክክል እየተናገረ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሲያገኙ አዲስ ሶፍትዌር እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ለመንገድ እንጂ ሰዓቱ ለሚያስፈልግ መዝገብ አይጠቀሙበት።