ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ፦ ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም?

«ጀርመንታውን እንዴት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ቤት ዋጋ ከመናገሬ በፊት ባልና ሚስቱ የት እንደሚሠሩና ስንት ሰዓት እንደሚገቡ እጠይቃለሁ። ከሁለቱ አንዱ እዚሁ ወይም በጌተርስበርግና በሮክቪል አካባቢ የሚሠራ ከሆነ፣ እንደኛ ዓይነት ገቢ ላለው ቤተሰብ በሞንጎምሪ ካውንቲ ልጅ ለማሳደግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሁለቱም ዋሽንግተን መሀል የሚውሉ ከሆነ ግን አልመክርም። ምክንያቴን ልዘርዝር።

እኔ በዋሽንግተኑ ትልቅ ባቡር ጣቢያ፣ በዩኒየን ስቴሽን አቅራቢያ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ነው፤ የሚሠራውም በዚሁ በጀርመንታውን ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ የባለቤቴ እናትም ከአዲስ አበባ እየመጡ ረዘም ላለ ጊዜ አብረውን ይቆያሉ። ቀደም ሲል ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ሲልቨር ስፕሪንግን ማማት አልችልም። ቀዩ የሜትሮ መሥመር በሃያ ደቂቃ ገደማ ሥራዬ ያደርሰኝ ነበር፤ በርበሬው፣ ቡናው፣ እንጀራው፣ የአገር ሰው ሁሉ በእግር የሚደረስበት ነው። የጎደለን ክፍል ብቻ ነበር። ሦስቱ ልጆች በአንድ ክፍል ይተኛሉ፤ እማማ ሲመጡ ደግሞ እኛ ሳሎን እንወጣለን። በዚያው አካባቢ ባለ አራት መኝታ ቤት መግዛት ከአቅማችን በላይ ሆነ።

ቨርጂኒያ ያለውን ዉድብሪጅን፣ ፍሬድሪክንና ጀርመንታውንን አነጻጽረናል። ዉድብሪጅ በዚያው ገንዘብ ሰፋ ያለ ቤት ይገኝበታል። በአንድ መኪና ሦስት ሰው ሆኖ ለሚጓዝና ፍሌክስ የሚባለውን ኢዚፓስ (የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ለያዘ፣ በ95 አውራ ጎዳና ላይ ያለው ፈጣን መሥመር አይከፈልበትም። በዚህም ምክንያት የማይተዋወቁ ሰዎች ጠዋት በመኪና ማቆሚያ ተሰልፈው፣ በአንድ መኪና ተሳፍረው ዋሽንግተን የሚገቡበት የቆየ ልማድ አለ። ለእኔ በጣም ይመቸኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን በየፈረቃው የፖቶማክን ወንዝ ሊሻገር ነው። ፍሬድሪክ ላይ ያየናቸው ቤቶች ከሁሉም ርካሽ ነበሩ። ይሁን እንጂ 270 አውራ ጎዳና ከክላርክስበርግ በላይ በየአቅጣጫው ወደ ሁለት መሥመር ይጠባል፤ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው መኪና ሁሉ እዚያ ላይ ይታነቃል። ጀርመንታውን የሚገኘው ከዚያ ማነቆ በፊት ነው። ካርታ ብቻ አይቶ ርቀት ለሚለካ ሰው ይህ ልዩነት አይታየውም።

ሌላም በካርታ የሚያሳስት ነገር አለ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚሠራ ወገን ብዙ ነውና ይህን በደንብ ያንብብልኝ። ጀርመንታውንና ደለስ በካርታ ሲታዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ወንዙ አለ። ከአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ወደ ላይ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ድረስ ሌላ ድልድይ የለም። በመካከሉ መኪና ያሻግር የነበረው ኋይትስ ፌሪ የተባለው ጀልባም በ2020 መጨረሻ ሥራ አቁሟል። ስለዚህ የደለስ ሠራተኛ ጠዋትና ማታ በሌጅን ድልድይ ዞሮ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ያ ድልድይ ደግሞ በአካባቢው እጅግ ከሚጨናነቁት አንዱ ነው። ለእርሱ ቨርጂኒያ ይሻለዋል።

የእኔ መንገድ ባቡር ነው። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር በብረንዝዊክ መሥመሩ ከጀርመንታውን ተነሥቶ ሮክቪልና ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እየቆመ ዩኒየን ስቴሽን ይገባል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወንበር አገኛለሁ፣ ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ እጨርሳለሁ፣ ማታ ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ። 270 ላይ መሪ ይዞ ከመቀመጥ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። ነገር ግን አሠራሩን ሳያውቁ ቤት መግዛት አይገባም፤ ጠዋት የሚሄደው ወደ ዋሽንግተን ብቻ ነው፣ ከሰዓት በኋላና ማታ የሚመለሰው ወደዚህ ብቻ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። ሐዲዱ የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት በመሆኑ ብርቱ ሙቀት ባለበት ቀን ባቡሮቹ ፍጥነት እንዲቀንሱ ይታዘዛል። ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤት «ልጅዎ ትኩሳት ይዟታል» ተብሎ ቢደወል ወደ ጀርመንታውን የሚመለስ ባቡር የለም። ያኔ በቀዩ መሥመር እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሼዲ ግሮቭ ሄዶ፣ ከዚያ 100 ቁጥር ራይድ ኦን አውቶቡስ መያዝ ነው። አውቶቡሱ በአውራ ጎዳናው በቀጥታ ይመጣል፤ ከ2025 ክረምት ጀምሮም የካውንቲው አውቶቡሶች ክፍያ የላቸውም። ለክፉ ቀን ጥሩ መንገድ ነው፤ የዘወትር መንገድ ግን ላድርገው ብል አልችለውም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ሰው በድረ ገጽ ላይ የሚሰጠውን ነጥብ ያያል፤ የደወሉን ሰዓት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሞንጎምሪ ካውንቲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚገቡት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡45 ሲሆን የሚወጡትም 8፡30 ነው። የአንደኛ ደረጃዎቹ ግን እንደየትምህርት ቤቱ አንዳንዶቹ 3 ሰዓት፣ ሌሎቹ 3፡25 ላይ ይጀምራሉ። የእኛ ትንሿ 3፡25 ከሚጀምሩት ናት። እኔ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ቁርሷን አብልቶ፣ አውቶቡስ አሳፍሯት ከዚያ ይተኛል። ሁለታችንም ዋሽንግተን ብንሠራ ኖሮ ለጠዋቱም ለከሰዓቱም የልጆች ማቆያ በየወሩ መክፈል ሊኖርብን ነው፤ በቤቱ ዋጋ ያተረፍነውም በዚያ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ልጆች በአድራሻቸው ለትምህርት ቤት የሚመደቡበት ክልል ነው። ካውንቲው በሙሉ አንድ የትምህርት አስተዳደር ስለሆነ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ጀርመንታውን አንድ ነው፤ የልጁን ትምህርት ቤት የሚወስነው ግን የከተማው ስም ሳይሆን የቤቱ አድራሻ ነው። ጀርመንታውን ውስጥ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች አንዱ ወደ ኖርዝዌስት፣ አንዱ ወደ ሴኔካ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊመደቡ ይችላሉ። ያም ቢሆን ለዘለዓለም አይቆይም። በ2020 የሴኔካ ቫሊ አዲሱ ሕንፃ ሲከፈት ክልሉ እንደገና ተሰምሮ ከክላርክስበርግና ከኖርዝዌስት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ወደዚያ ተዛውረዋል። ስለዚህ ደላላው «የእንትን ትምህርት ቤት ክልል ነው» ሲል አምኖ አለመፈረም፤ አድራሻውን በካውንቲው የትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ራስ አስገብቶ ማየት ይገባል፣ ክልሉን እንደገና ለማጥናት የታሰበ ነገር መኖሩንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሒሳብና ሳይንስ ለሚወድ ልጅ ደግሞ ከዚህ አካባቢ ለፑልስቪል ሁለተኛ ደረጃ ልዩ መርሐ ግብር ማመልከት ይቻላል። አውቶቡሱ ረጅም ነው፣ ታላቁ ልጃችን ግን ዓይኑን እዚያ ላይ ጥሏል።

አንድ የምወድላቸውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸውን ዋና ዋና ሰነዶች በአማርኛም ያወጣሉ። እማማ የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ቤት መመሪያ በመነጽራቸው ሲያነቡ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ልጁን ማን እንደሚያስተምርለት፣ ምን እንደሚጠበቅበት በራሱ ቋንቋ የሚያነብ አያት በቤት ውስጥ ሲኖር ልጁም ይበረታል።

ቤቱን በተመለከተ፣ በእኛ አቅም ጀርመንታውን ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ታውን ሃውስ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ነው፤ ሦስት ደርብ፣ ቤዝመንት፣ ከኋላ ትንሽ ግቢ። ስፋቱ ይበቃል። ሆኖም ስፋቱ ወደ ላይ የተደራረበ ነው። መኝታ ቤቶቹ ሁሉ ላይ ናቸው፤ ጉልበቷን የሚያማት እናት የምትመጣበት ቤተሰብ ቤዝመንቱ ወይም የመግቢያው ደርብ ሙሉ መታጠቢያ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ይይ። እኛ የመረጥነው ቤት ወጥ ቤቱ ያረጀ ነበር፤ ከታች ግን መታጠቢያ ያለው ክፍል ስላለው ብቻ ከሌሎቹ አስበለጥነው። እማማ ዛሬ ደረጃ ሳይወጡ ይተኛሉ።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር መሳቢያ ከፍታችሁ እዩ። በብዙዎቹ ቤቶች ጢሱን አጣርቶ እዚያው ይመልሰዋል እንጂ ወደ ውጭ አያወጣውም። ቁሌት በየሳምንቱ ለሚያቁላላ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሽታው ላይ ባሉት መኝታ ቤቶች ልብስ ውስጥ ይገባል። እኛ ወደ ውጭ የሚያወጣ አስገጥመናል፤ ምጣዱን ግን ጋራዡ ውስጥ አድርገነዋል።

የመጨረሻው የመኪና ማቆሚያ ነው። ታውን ሃውስ ያለበት ሰፈር የነዋሪዎች ማኅበር አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስንት መኪና እንደሚፈቀድ፣ እንግዳ የት እንደሚያቆም የሚወስነው እርሱ ነው። እኛ ደግሞ ክርስትና፣ ልደት፣ ለቅሶ ያለብን ሰዎች ነን፤ ሃያ መኪና በአንድ ቀን ሊመጣብን ይችላል። በሜሪላንድ ሕግ ሻጩ የማኅበሩን ደንብና ሰነድ ለገዢው መስጠት አለበት፤ ገዢውም ሰነዱን በተቀበለ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ በሰባት ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ሰነዱን ገጽ በገጽ አንብቡ፤ በተለይ የማቆሚያውን ክፍል፣ ያልተፈቀደለትን መኪና ማን እንደሚያስነሣና ወጪውን ማን እንደሚከፍል የሚለውን።