የሻገተ አይብ ከሻገተ ወይን ጋር

ለዚህ ምግብ ቤት አንድ ኮከብ ልሰጥ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ሞንባዚያክ የምትባል መንደር ድረስ የሄድነው ግንቡን ለማየት ነው። ከጉብኝቱ በኋላ ርቦን በአካባቢው ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ገባን። 40 ደቂቃ ሙሉ ዞር ብሎ ያየን የለም። ወጣቱ አስተናጋጅ በመጨረሻ መጥቶ ውሃ ስንለው፣ ሳይጠይቀን የታሸገ ከፍቶ አስቀመጠልን፤ ሒሳቡ ላይ 6 ዩሮ ሆኖ መጣ። ፈረንሳይ ውስጥ ምግብ ላዘዘ ሰው የቧንቧ ውሃ በነፃ ነው የሚቀርበው። በራሱ ስብ ቀስ ብሎ የበሰለ የተባለው የዳክዬ እግርም ደርቋል። ቤርዠራክ ከተማ ወንዙ ዳር ማታውን የበላነው በስንት ጣዕሙ! ቆዳው ኩርሽም ኩርሽም ይል ነበር፣ ዋጋውም ከዚህ ያነሰ።

አይቡን ይዘው የመጡት ግን ሌላ አስተናጋጅ ናቸው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ የረጋ እናት። አይቡ ሮክፎር ነው፤ ከበግ ወተት የሚሠራ፣ ሰማያዊ ሻጋታ ውስጡን የወረሰው። ባለቤቴ ሽታውን ስትሸሽ አይተው ፈገግ አሉና ወርቅ የመሰለውን የመንደሩን ጣፋጭ ወይን ቀዱልን። «ይኼም ከሻገተ ፍሬ የተጠመቀ ነው፤ አብራችሁ ቅመሱት» አሉን።

ቀመስኩ። የአይቡ ጨው ከወይኑ ጣፋጭነት ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ሌላ ነገር ሆኑ። መጀመሪያ ማር፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ ኋላ ደግሞ አፍ የሚያጥብ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም። ጠጅ ለምዶ ያደገ ምላስ ይህን ወይን ለመውደድ አስተማሪ አያስፈልገውም።

እሳቸው ግን ቆመው አስረዱን። በመከር ጠዋት ከዶርዶኝ ወንዝ በኩል የሚነሳው ጭጋግ የወይን ፍሬውን ያረጥበዋል፤ ከሰዓት ፀሐይ ያደርቀዋል። ቦትሪቲስ የሚባለው ሻጋታ የፍሬውን ቆዳ ይበሳል፤ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩ ይቀራል። ፍሬው ሁሉ እኩል ስለማይሻግት ለቃሚዎቹ እዚያው ተክል ላይ ደጋግመው ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በማሽን መልቀም ተከልክሏል። ጉንጭ ለማትሞላ ብርጭቆ 9 ዩሮ ስለተባልኩ የነበረኝ ንዴት እዚህ ላይ በረደልኝ።

ስለ ግንቡም ጠየቅናቸው። እ.ኤ.አ. በ1550 ገደማ የዴዲ ቤተሰብ ነው ያሠራው። አካባቢው ፕሮቴስታንቶች የበዙበት ነበር፤ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለእነሱ የእምነት ነፃነት የሰጠውን የናንትን አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1685 ሲሽር ብዙዎቹ ወደ ሆላንድ ተሰደዱ። ከዚያም ሆነው የአገራቸውን ወይን ማስመጣት አልተዉም፤ ሆላንድም የዚህ ጣፋጭ ወይን ትልቅ ገበያ ሆነች። ይህን ስሰማ ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር። እኛም በርበሬና ሽሮ በሰው ሻንጣ ከአዲስ አበባ የምናስመጣ ሰዎች ነን፤ የእነዚያ ስደተኞች ናፍቆት አንጀቴ ድረስ ገባኝ።

ግንቡን እ.ኤ.አ. በ1960 የገዛው የአካባቢው ወይን አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። «አባቴም አባል ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ ግንቡ እያዩ።

ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ዳክዬውን እለፉት፤ ውሃ ስትጠይቁ «የቧንቧ» በሉ። አይቡን ከወይኑ ጋር እዘዙ፣ ሴትዮዋ ካሉም ጊዜ ስጧቸውና አስወሯቸው። አንድ ጠርሙስ ገዝተን መጥተናል፤ ለፋሲካ አስቀምጠነዋል።