ሳያንኳኩ ገንዳ የማያነሱት ሹፌርና ረዳት

ቁርስ ቤቴ ከሰፈራችን የቆሻሻ ገንዳ ፊት ለፊት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዳ ሲነሳና ሲቀመጥ አይቻለሁ። የአሁኖቹ ሹፌርና ረዳት ከመጡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፣ ስለነሱ ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ነው።

ሰው ስለ ገንዳ ሲያወራ «በሰዓቱ ይነሳል ወይ?» ነው የሚለው። እኔም ድሮ እንደዛ ነበርኩ። ከነሱ በፊት የነበሩት ፈጣኖች ነበሩ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። አንድ ቀን ግን እስከ አፉ ሞልቶ ከላዩ የፈረሰ ቤት ብሎኬት የተቆለለበትን ገንዳ ሸራ ሳያለብሱ ጭነው ሲታጠፉ ግማሽ ብሎኬት ተንሸራቶ በሬ ላይ ወደቀ። ደንበኛዬ ፉል እየበላ የተቀመጠበት ዱካ ከዚያ አንድ እርምጃ ነው የሚርቀው። እግዜር አተረፈው።

የአሁኖቹ ሲመጡ መጀመሪያ ረዳቱ ይወርዳል። ገንዳውን ይዞረዋል። ከዚያ በብረት ጎኑን ሦስት ጊዜ ያንኳኳና «ሰው አለ?» ይላል፣ መልስ ባያገኝም ወጥቶ ውስጡን ያያል። መጀመሪያ ሳየው ገርሞኝ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ በጠዋቱ፣ እያካፋ፣ ሲያንኳኳ ከውስጥ አንድ ልጅ ብቅ አለ። አስር ዓመት ቢሆነው ነው። ማዳበሪያ ለብሶ፣ የለቀመውን ሃይላንድ በፌስታል አቅፎ ተኝቶ ነበር። ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ከጋቢና ወረደና «ና የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ውረድ» ብሎ በእጁ ተቀበለው። ሻይና ዳቦ ሰጠሁት፣ እኔ ግን ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ገንዳ እኮ ሲነሳ ይወዛወዛል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይንከባለላል፣ መድፊያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚራገፈው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቶብናል፣ ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ላይ የሚውል ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አነሳሱም ደስ ይላል። ፍሬን ማኖ ይያዛል፣ ጎማው ስር ታኮ ይገባል፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ የብረት እግሮች መሬት ይረግጣሉ። አንዴ አንደኛው እግር የቱቦ ክዳን ላይ ሊያርፍ ሲል ሹፌሩ በስፖኪዮ አይቶ አቆመና መኪናውን ወደፊት አስጠጋው። ክዳኑ ቢሰበር መኪናው ከነገንዳው ያጋድል ነበር። አራቱን ሰንሰለቶች ረዳቱ አንድ በአንድ ይሰካና እየጎተተ ይፈትሻል። ሹፌሩ ገንዳውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል፣ እኩል መንጠልጠሉን ያያል፣ ከዚያ ነው የሚቀጥለው። በዚህ ሰዓት ገንዳና መኪና መሀል የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ሽማግሌም ይሁን ጎረምሳ፣ ሥራው ይቆማል። እኛ ሰፈር የመብራት ሽቦ ዝቅ ብሎ ነው የተዘረጋው፣ ስለዚህ ገንዳውን የሚያነሱት የመኪናው የብረት ክንዶች ከመነሳታቸው በፊት ሁለቱም ቀና ብለው ያያሉ።

ባለፈው አንድ ቤት የሚያፈርስ ሰውዬ ገንዳውን በኮንክሪት ፍርስራሽ ሞልቶት ሹፌሩ «አላነሳም» አለ። ገንዳው 8 ሜትር ኪዩብ ነው። ፍርስራሽ አንዱ ሜትር ኪዩብ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ ሙሉው 12 ቶን መጣ ማለት ነው። ሰውዬው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ «ሥራህን ሥራ» አለው። ሹፌሩ ድምፁን ሳይጨምር «ወንድሜ፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ እዚህ ያለነው ሁሉ ስሩ ነን» አለው። በመጨረሻ ፍርስራሹ በቀን ሠራተኛ ተራግፎ በሲኖትራክ ሄደ።

ለሰፈሬ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። በዓል ማግስት ረዳቱ ጭስ ሸቶት ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኔ ወስዶ ገንዳው ላይ ደፋ። የሆነ ሰው የምድጃ አመድ ከነረመጡ ጥሎት ኖሯል። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ቢያገኘው መንገድ ላይ ይቀጣጠል ነበር። እባካችሁ አመዱን ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ መብረዱን አይታችሁ ጣሉ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በነሱ አይደለም። መኪናውን የሚያሰማራው ክፍል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የሚልካቸው፣ መንገዱ በተማሪ በሚሞላበት ሰዓት። ከ12 ሰዓት በፊት ቢሆን ምን አለበት? ሌላው፣ መኪናው ኋላ ማርሽ ሲገባ ይጮህ የነበረው ድምፅ ከተበላሸ ሦስት ወር ሆኖታል። ረዳቱ ነው ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ የሚጮኸው። ጉሮሮው ሲደርቅ እኔ ጋ መጥቶ ሻይ ይጠጣል። ሻዩን እኔ እችላለሁ፣ እናንተ ያንን ድምፅ አሠሩለት።