እናቴ ቤቷ እንድትቆይ የገባንበት የሰፈር ድጋፍ ሰርቪስ፣ ከነ ጉድለቱ

ለቸኮለ ሰው ቀድሜ ልናገር፣ ከ5 ኮከብ 4 ነው የምሰጠው። አንዷን የቀነስኩበት ምክንያት ወደታች አለ፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ሰርቪሱ ምን መሰላችሁ፣ በሰፈር ደረጃ የተደራጀ የአረጋውያን የአባላት ማህበር ነው። በዓመት መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ አቅም ለሌለው ይቀንሱለታል፣ ከዛ አንድ ስልክ ቁጥር ይሰጣችኋል። አምፖል ተቃጠለ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጠፋ፣ ስልኩ ካላፕዴትከኝ ብሎ አስቸገረ፣ በቃ ደውሎ መናገር ነው፣ አስተባባሪዋ ወይ በጎ ፈቃደኛ ትልካለች ወይ የታመነ ባለሙያ ትጠቁማለች። ሀሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ያሉ ሰዎች ከሰፈራችን አንወጣም ብለው ራሳቸው መክረው ያቋቋሙት፣ በፈረንጆቹ 2002 ስራ የጀመረው ቢከን ሂል ቪሌጅ ነው ከዛ በኋላ ለመጡት ለብዙዎቹ ሞዴል የሆነው። ልብ በሉ፣ መንግስት ወይ ሆስፒታል አይደለም የጀመረው፣ እዛው የሚያረጁት ሰዎች ናቸው።

እኔን ያሳመነኝ የመጀመሪያው የቤት ጉብኝት ነው። አስተባባሪዋ ፎርም ይዛ ቁጭ ብላ ጥያቄ የምትደረድር መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ! ገና ከመግባቷ "እማማ፣ እስኪ ማታ ሽንት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ ያሳዩኝ" አለቻት። እናቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ተነሳችና መሄድ ጀመረች፣ መብራት ሳታበራ፣ ምክንያቱም ማብሪያው ከአልጋው ማዶ በሩ ጋ ነው ያለው፣ እስክትደርስበት በዳበሳ ነው የምትሄደው። መሀል ላይ ጫፏ የተጠቀለለ ትንሽ ምንጣፍ፣ ከሷ አለፍ ብሎ ደሞ የቻርጀር ገመድ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፣ ዝቅ ብላ ምንጣፏን አነሳቻትና ለኔ ሰጠችኝ።

ከዛ ወንበር ላይ አስቀምጣ "እጅዎን ሳይደገፉ ይነሱልኝ" አለቻት። እናቴ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ተጭና ተነሳችና "ይኸው ተነሳሁ አይደል!"፣ እሷ ደሞ ስቃ "ጭንዎም ድጋፍ ነው እኮ እማማ" አለቻት። መታጠቢያ ቤት ስንገባ የፎጣ መስቀያውን ነካ ነካ አድርጋ ሲወጡ ይሄን ነው ወይ የሚይዙት ብላ ጠየቀች፣ አዎ ነው መልሱ። የፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት ሊሸከም አልተሰራም፣ ያ አየሩ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ጥብቅ የሚለው የፕላስቲክ እጀታም ሳይታሰብ ይለቃል፣ የሚያስተማምነው ግድግዳው ውስጥ በብሎን የታሰረው ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ አናጺ በጎ ፈቃደኛ አላቸው፣ መጥቶ ገጠመልን፣ አልጋው አጠገብ ደሞ እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት ሰካ።

የመድሃኒት ከረጢቷንም አይተዋል። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ካርቶኖች ውስጥ ያለው አንድ አይነት መድሃኒት ሆኖ ተገኘ፣ የንግድ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። አስተባባሪዋ አቁሚ አላለችም፣ ስልጣኗም አይደለም፣ ግን ሁሉንም ሰብስባችሁ ፋርማሲስት ወይ ሐኪሟ ጋ ውሰዱት አለችን። የእንቅልፍ መድሃኒትና አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒን ሲነሱ እንደሚያዞር፣ ከአልጋ ከመነሳቷ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ቁጭ ማለት እንዳለባት ያስረዳቻትም እሷ ናት።

ስለ መውደቅ ይሄን ያህል ማውራት ምንድነው ለምትሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 65 ዓመትና ከዛ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ውስጥ በየዓመቱ ከ28 እስከ 35 በመቶው ይወድቃሉ። አንዴ ክፉኛ የወደቀ ሰው ደሞ ፈርቶ መንቀሳቀስ ይተዋል፣ መንቀሳቀስ ሲተው ጡንቻው ይደክማል፣ ሲደክም መልሶ ይወድቃል። ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ የሚወጣው በዚህ ነው።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የድንገተኛ ጥሪ በተንም በነሱ በኩል ነው ያገኘነው። እቃው ጥሩ ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ ሻወር ውስጥም ይደረጋል። ችግሩ ያለው ሰው ጋ ነው። በፈረንጆቹ 2008 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ላይ ከ90 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ በተኑ እያላቸው ብቻቸውን ወድቀው መነሳት ካቃታቸው ውስጥ አብዛኞቹ አልተጫኑትም። አንዳንዱ ኮመዲኖ ላይ ጥሎት ነው፣ አንዳንዱ ሰው ላስቸግር አልልም ብሎ ነው፣ እናቴ የሁለተኛዎቹ ወገን ናት እንደማውቃት። ወለል ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት ደሞ በራሱ አደጋ ነው፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ የሰውነት ውሃ ያልቃል፣ ጡንቻ ይጎዳል፣ ምንም ሳይሰበር ማለት ነው። ማህበሩ ለዚህ ያደረገው ነገር ነው ደስ ያለኝ፣ ሆን ብለው ልምምድ ያስደርጓታል፣ ምንም ሳትሆን ተጫኚው ይሏታል፣ ትጫናለች፣ ታወራቸዋለች፣ ይዘጋል። አሁን በተኑን መጫን ሰው ማስቸገር አይመስላትም። በራሱ መውደቅን ያውቃል የሚባለውን አይነት ግን ብዙ አትመኑበት፣ ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ሰውን ሊያልፈው ይችላል።

ሌላው፣ እናቴን ተረጂ ብቻ አላደረጓትም። ጠዋት ጠዋት ለሌላ አባል የምትደውለው እሷ ናት፣ ደህና አደርሽ ወይ ለማለት፣ ያቺኛዋ ስልክ ካላነሳች ለአስተባባሪዋ ታሳውቃለች። ይሄን ስራ ከሰጧት ወዲህ በጠዋት ትነሳለች፣ ስልኳን ቻርጅ ታደርጋለች፣ እኔ በዛ ሰዓት ከደወልኩማ "ስራ ላይ ነኝ" ብላ ትዘጋብኛለች 😂

የገንዘብ ህጋቸውም ጥብቅ ነው፣ በጎ ፈቃደኛ የኤቲኤም ካርድ አይነካም፣ ፒን አይሰማም፣ ስጦታ አይቀበልም። እናቴ ይሄን ነውር ነው ብላ ተጣልታቸዋለች፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ኮከብ። ማህበሩ ገላ አያጥብም፣ አያለብስም፣ ሰው አያነሳም። ይሄን ሲመዘግቡን ነግረውናል፣ ቅሬታ የለኝም። ግን እናቴ ከቀዶ ህክምና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንደሱ አይነት እርዳታ ስትፈልግ እነሱ የጠቆሙን ኤጀንሲ በየጊዜው ሌላ ሰው ነው የላከው። አዲስ ፊት በመጣ ቁጥር እናቴ ከመጀመሪያው ማስረዳት አለባት፣ የቱ ጉልበቷ ነው የሚያማት፣ ፎጣ የት ነው፣ ውሃው ምን ያህል ይሙቅ፣ አስቡት ራቁቷን ለማታውቀው ሰው። ይሄ ደሞ የማይቀር ነገር አይደለም። ሆላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ 2006 የተመሰረተው ቡርትዞርግ የሚባል የቤት ለቤት ነርሶች ድርጅት ነርሶቹን ቢበዛ 12 በሆኑ ትንንሽ ቡድኖች ነው የሚያደራጀው፣ ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ አንድ ሰፈር ይይዛሉ፣ በሽተኛው በሩን የሚከፍተው ለሚያውቃቸው ጥቂት ፊቶች ነው። ስለዚህ ይቻላል። ማህበሩ ኤጀንሲ ሲጠቁም ቢያንስ "ቋሚ ሰው ትልካላችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ነግሬያቸዋለሁ፣ እናያለን አሉ።

አፓቸው ደሞ ባይኖር ይሻል ነበር፣ ጽሁፉ ትንሽ፣ ፓስወርዱ በየጊዜው ቀይሩ የሚል፣ ለ80 ዓመት ሰው የታሰበ አይመስልም። ማንም አይጠቀመውም፣ ሁሉም ይደውላል።

ለማን ይሆናል? አእምሮውም እግሩም ገና ለሚሰራ፣ ብቻውን ወይ ከደከመ የትዳር ጓደኛው ጋር ለሚኖር ሰው በጣም አሪፍ ነው፣ እንደውም ምንም ሳያስፈልጋችሁ ግቡ፣ አስተባባሪዋ ሰውየውን በደህናው ቀን ስታውቀው ነው በክፉው ቀን የምትጠቅመው። መርሳት ጸንቶበት ሌሊት በር ከፍቶ ለሚወጣ ሰው ግን አይበቃም፣ እሱ ሌላ አይነት እርዳታ ነው የሚፈልገው። እና ከመፈረማችሁ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ደውሉላቸው፣ ሰው ነው ወይስ የድምጽ መልእክት የሚያነሳው እዩ። የኛዎቹ ጋ ሰው ነው የሚያነሳው፣ ከምሽት በኋላ ግን የለም።