የእናቴን ኑዛዜ ላዘጋጁልን የባሕር ዳር ጠበቃ የቀረበ ምስጋና

ግሽ ዓባይ አካባቢ ቢሮ ያላቸውን አንድ ጠበቃ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ኑዛዜ ልታዘጋጁ የምታስቡ፣ በተለይም ከሀብታችሁ ለበጎ ሥራ የሚውል ድርሻ መተው የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሳታመነቱ እርሳቸው ዘንድ ሂዱ።

እናቴ የዘጌ ተወላጅ ናት። ዕድሜዋ ሲገፋ አንድ ሐሳብ አልለቅ አላት፤ ከቤቷ አሥራቱን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ለተነሣችባት ቤተ ክርስቲያንና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ለሚያኖር ማኅበር መስጠት። የልጅ ልጇ ይህንኑ በወረቀት ጽፎላት፣ ሁለት ጎረቤቶች ፈርመውበት፣ ሣጥኗ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጦ ነበር።

ጠበቃው አነበቡትና "እማማ፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ይህ ወረቀት ግን አያደርስልዎትም" አሏት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚያዘጋጀው ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እርሱ ራሱ የጻፈው መሆን አለበት፤ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያሻዋል። ሌላ ሰው ከጻፈው ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ ተገልጾ፣ ሁሉም ወዲያው ሊፈርሙበት ይገባል። የእናቴ ወረቀት ከሁለቱም ወገን አልነበረም። "አልጋ ላይ ስወድቅ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ" ስትልም የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ እንጂ ለቤት ድርሻ እንደማይሆን ነገሯት።

ከዚያ እኛን ልጆቿን በትሕትና ከክፍሉ አስወጡን። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ብቻዋን የጠየቋት "ይህን ስጦታ የሚፈልጉት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው አሳስቦዎት ነው?" ብለው ነው። ልቤን የነካው ይህ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ለመጻፍ ብቻ የሚቸኩል ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

ቀጥለው የቤቱን ባለቤትነት አጣሩ። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ነው፤ አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ስለዚህ ግማሹ የአባታችን ነበር፤ ወደ እኛም ተላልፏል። እናቴ ልትናዘዝ የምትችለው በራሷ ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ይህ ሳይለይ ቢቀር አሥራቱ ከምን እንደሚሰላ እህትና ወንድም ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችል ነበር። የገንዘብ መጠን ልትጠራ ስትል ደግሞ "ብር ዛሬ የሚገዛውን ነገ አይገዛም፤ ድርሻ ይበሉ" ብለው መለሷት። "ለድሆች ይሰጥልኝ" የሚለው የድሮው ቃልም ወጣ፤ ተቀባዩ ካልታወቀ ማን ይረከባል? የማኅበሩ ስም በምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው ሆኖ ገባ፤ ማኅበሩ ቢፈርስ ድርሻው ወዴት እንደሚሄድም ተጻፈ። አስፈጻሚ ተሰየመ፣ የሁላችንም ስም ከነድርሻችን ተዘረዘረ። ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ቅር ብሎት ነበር፤ ስሌቱ ፊቱ ሲዘረጋ ግን አስፈጻሚነቱን ራሱ ተቀበለ።

በንባቡ ቀን ምስክሮቹ ከዕድሯ የመጡ፣ ከኑዛዜው ምንም የማያገኙ ሰዎች ነበሩ። መሐል ላይ የአንደኛው ስልክ ጠራና ወደ በረንዳው ወጣ። ጠበቃው ንባቡን አቆሙ። ሰውየው ተመልሶ ሲቀመጥ ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ከመጀመሪያው መስመር እንደ ገና ጀመሩ። ማንም አላጉረመረመም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ በየገጹ ፈረመች፣ አራቱም ተከተሏት። ሐሳቧን ብትለውጥ በማንኛውም ጊዜ ልትሽረው እንደምትችልም በድጋሚ አስታወሷት።

ክፍያቸውን ከሥራው በፊት ተናግረዋል፣ ደረሰኝም ቆርጠዋል። ስማቸውንና ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ የቤት ካርታችሁን፣ የጋብቻ ማስረጃችሁን፣ ባል ወይም ሚስት ካረፉ የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ የምትሰጡትን ድርጅት የምዝገባ ወረቀት ቅጂም ይዛችሁ ሂዱ። አቅም ለሌላቸው አረጋውያን ቤታቸው ድረስ ይመጣሉ።