በጎንደር ፒያሳ የሚጫነው «የዓመቱ ምርጥ 100 ዘፈን» ፍላሽ

ለእንቁጣጣሽ ፒያሳ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች በአንዱ የሚጫነው ይህ ፍላሽ ምርጫው ደስ ይላል፤ አደራደሩ ግን ብዙ ይቀረዋል።

ትዝታን፣ እስክስታን፣ ሬጌንና የሠርግ ዘፈንን በአንድ ሰልፍ ከ1 እስከ 100 ደርድሯቸዋል። እስክስታ በምቱ ይመዘናል፤ ትዝታ በድምፅ አወጣጡና በግጥሙ። በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ሁልጊዜ ፈጣኑ ይቀድማል። ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ 20 በሙሉ ጭፈራ የሆኑት። በየስልቱ ለብቻ ደረጃ ቢሰጥ ይሻል ነበር። 34ኛ ላይ የተጣለው የባቲ ቅኝት ዘፈን እኮ የዓመቱ ቁንጮ ነው! ከበሮው ዝም ብሎ ማሲንቆው ብቻውን ሲገባ፣ የደጋኑ ጭራ ከክሩ ጋር ሲፋተግ ሳይቀር ይሰማል።

የድምፅ ጥራቱ አብዛኛው በሰከንድ 320 ኪሎቢት ነው፤ የ4 ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ይኸው ርዝመት 4 ሜጋባይት ካልሞላ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ 128 ኪሎቢት ነውና ይቀየርልኝ ይበሉ፤ ጽናጽሉ ይሻክራል።

ለባጃጅና ለታክሲ ከሆነ ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ስልት ፎርማት ይደረግ፤ ብዙ የመኪና ቴፕ ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን ሌላውን ስልት አያነብም። ደረጃው እንዳይዘበራረቅ የፋይሉ ስም በ001፣ 002 ይጀምር፤ አንዳንድ ቴፕ ግን ቁጥሩን ትቶ የተገለበጠበትን ተራ ስለሚከተል፣ በቅደም ተከተል አንድ በአንድ ማስገልበጥ ነው። የድምፁ መጠንም ከዘፈን ዘፈን ይለያያል፤ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ትዝታና አንድ የሠርግ ዘፈን አከታትለው ያስሞክሩ።